መርፌው ዜሮ ላይ የተኛበት መኪና

ጋሽ እምሩ የተበላሸ መኪና ሲመጣላቸው ቀድመው የሚያነሡት መፍቻ ሳይሆን ጥያቄ ነው። «መቼ ተወህ? ድንገት ነው ወይስ ሲያመነታ ሰንብቶ? የተወህ ቀን ዝናብ ነበር? ምን ጭነህ ነበር?» ይላሉ። ሹፌሩ ቸኩሎ እየተቁነጠነጠም ቢሆን ይመልሳል፤ ካልመለሰ መኪናውን አይነኩለትም።

እኔ ከሥራ ቦታቸው ጎን ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ፊውዝ፣ አምፖል፣ የፍሬን ዘይትና የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። ልጄን ስመኝን ጀርባዬ ላይ አዝዬ፣ ደንበኛ በሌለ ጊዜ ጆሮዬን ወደዚያ ጥዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄና መልስ ስሰማ ኖሬያለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ ስማር በቃሌ ያጠናሁት ነገር ትርጉሙ የገባኝ እዚያ ነው። አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ይሥለው የነበረውን ባትሪና አምፖል፣ ጋሽ እምሩ ጭቃ በለበሰ አይሱዙ ሆድ ውስጥ ያሳዩኛል።

ቦታዋ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለች ጥግ ናት። በሁለት በኩል ግንብ ከነፋስ ይከልላታል፤ ከላይ ሸራ ተወጥሮባታል። የሰጣቸው የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ነው። «የእምሩ ጥግ» ከተባለ ከዘመሮም ይምጣ ከሞላሌ፣ ሹፌር ሁሉ ያውቃታል።

ጋሽ እምሩ የተወለዱት ከሞላሌ ፈንጠር ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አባታቸው ካህን ይሆንልኛል ብለው ዜማ ቤት አስገቧቸው፤ ጾመ ድጓ ላይ ሲደርሱ ተዉት። ለምን እንደተዉት ስጠይቃቸው «ድምፁን ወደድሁት፣ መቆሙን ጠላሁት» አሉኝ። ከዚያ ወታደር ሆኑ። የጆሯቸውን ነገር የተረዳ አንድ መኮንን ሬዲዮ መገናኛ ክፍል አስገባቸውና፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ከሚንሿሿ ድምፅ መካከል የሰው ቃል ሲለቅሙ ኖሩ። ወደ መንዝ ሲመለሱ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኑ። ያን ጊዜ ገበሬው ሬዲዮውን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ልጅ ደረቱ ላይ አቅፎ ያመጣላቸው ነበር አሉ። ሞባይል መጥቶ ሬዲዮውን ሲውጠው እሳቸው ወደ መኪና ዞሩ። «መኪናም ሬዲዮ ነው፤ ጎማ ስላለው ነው የማያስታውቀው» ይላሉ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ዓይናቸው ከድቷቸዋል። መጀመሪያ የነቃሁት እኔ ነኝ። ፊውዝ ሊገዙ ሱቄ በር ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጥሩሸዋ፣ እስቲ ይቺ ስንት ቁጥር ናት በይኝ» አሉ። ቁጥሩ ትልልቅ ሆኖ ተጽፎባታል። «አሥራ አምስት» አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ ለሁለታችን ብቻ የሆነ ነገር ተፈጠረ፤ ሰው ሳያይ ያመጡልኛል፣ አነብላቸዋለሁ። ሐኪም ቤት ሂዱ ስላቸው «ዓይኔን ላሳይ ብዬ በሄድሁ ቀን እምሩ ታወረ ይሉና ጥጉን ይወስዱብኛል» ብለው ይዘጉኛል።

በጥቅምት ነገሩ አደባባይ ወጣ። የአንድ አይሱዙ ሽቦ ሲቀጥሉ ቀዩንና ቡናማውን አምታቱትና፣ ሹፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ጡሩምባው ይጮህ ጀመር። ሰውየው ገበያ መሐል ቀስ ብሎ ለማለፍ ፍሬኑን ረገጥ ባደረገ ቁጥር ጡሩምባው እየጮኸበት፣ የገብስ ሻጩን አህያ ሁሉ በተነው። ሕዝቡ ሳቀ። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ግን ማንሾካሾክ ጀመሩ።

ኃይለመስቀል የመጣው በዚህ መሐል ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ኅዳር ገብቶ ውርጩ በጀመረበት ሰሞን። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌርና የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ነጭ መኪናውን ሸራው ሥር አቁሞ በሩን ዘጋ።

«እንዴት አደሩ ጋሽ እምሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ኃይለመስቀል፣ የበርህ ማጠፊያ ዘይት ጠምቶታል።»

«እርስዎ ደግሞ! እኔን ሌላ ነው ያመጣኝ። ኪሎ ሜትሩ ሞቷል።»

ሹፌሮቹ ኪሎ ሜትር የሚሉት ፍጥነት መለኪያውን ነው። ከሱቄ ወጥቼ በመስኮቱ አጮለቅሁ። መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል።

«መቼ ተወህ?» አሉ ጋሽ እምሩ።

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንዴ ስልሳ፣ አንዴ ዜሮ። ከዚያ ጭራሽ ተኛ። የተጓዝሁትንም አይቆጥር፤ ዘይት መቼ እንደምቀይር ጠፍቶኛል።»

«ምን አደረግህለት?»

«ሴንሰሩ ነው አሉኝ። እዚያው ደብረ ብርሃን አዲስ ተገዝቶ ተቀየረ። ምንም የለም። ሌላው ሲያየው ደግሞ ዳሽቦርዱ ነው፣ ሙሉውን ቀይር አለኝ። እምቢ ብዬ መጣሁ።»

«የድሮው ሴንሰር የታለ?»

«እዚህ ኪስ ውስጥ አለ። ምን ያደርግልዎታል?»

«ሳይጠየቅ የተባረረ ሠራተኛ ነው። ቃሉን እንስማ ብዬ ነው።»

ኃይለመስቀል አልሳቀም። ወደ ግንቡ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ ግን ቅርብ ነበርሁ።

«ጋሽ እምሩ፣ አልደብቅዎትም። ዓርብ ዓመታዊ ምርመራ አለብኝ፤ ይህ መርፌ ካልተነሣ መኪናዬ አታልፍም። ነገ ከሰዓት ደግሞ ማኅበሩ ይሰበሰባል። የዚች ጥግ ነገር ይነሣል። የጡሩምባውን ነገር ያልሰማ የለም። ከደብረ ብርሃን አንድ ኤሌክትሪሻን ልምጣ እያለን ነው። ይቺን ከሠሩልኝ ቆሜ እከራከርልዎታለሁ። ካልሆነ ግን... ይቅር ይበሉኝ።»

«ደግ ነው» አሉ ጋሽ እምሩ። «ፊት ለፊት መንገርህ ደግ ነው።» ከዚያ መለስ ብለው «ምን ትመለከቺያለሽ? ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጊ» አሉኝ።

ድንጋዩን የፊቱ ጎማ ሥር እየወሸቅሁ፣ ገና መርፌውን ሳይ ጀምሮ የሚበላኝን ጥያቄ አወጣሁት። «ጋሼ፣ ግን መኪናው ፍጥነቱን በምን ያውቃል? ዓይን የለው።»

ኃይለመስቀል «አሁን ይህ የትምህርት ሰዓት ነው?» አለ። ጋሽ እምሩ ግን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሁልጊዜ ጊዜ አላቸው።

«እናትሽ ሱፍ ትፈትል የለም? እንዝርቷ ላይ አንዲት እሾህ ሰክተሽ፣ በዞረች ቁጥር ጣትሽን ብትነካሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ፍጥነቷን አታውቂም?»

«ስንቴ እንደነካችኝ ቆጥሬ... አዎ፣ አውቃለሁ።»

«አበቃ። በካምቢዮው፣ በማርሹ ሣጥን ውስጥ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ እንዝርቱ ነው። ሴንሰሩ ጣትሽ ነው፤ በተነካ ቁጥር 'አለሁ' ይላል። ሽቦው ያንን ቃል ይዞ ይሮጣል። ዳሽቦርዱ ተቀምጦ ይቆጥራል። እንግዲህ ተናጋሪ አለ፣ መልእክተኛ አለ፣ ቆጣሪ አለ። ከሦስቱ አንዱ ሥራውን ትቷል። እነዚያ ሰዎች ተናጋሪውን ቀየሩት፤ ቆጣሪውን ሊቀይሩት ነበር። መልእክተኛውን ማን ጠየቀው?»



መጀመሪያ ፊውዙን አየነው። አየነው ማለቴ፣ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አውጥቼ ከፀሐይ ትይዩ ያዝሁት፣ ውስጡ ያለው ክር ደኅና ነው። ከዚያ የኋላውን አንድ ጎማ በክሪክ አነሣን። ጋሽ እምሩ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው መኪናው ሥር ገቡ። እኔም ስመኝን ከጀርባዬ አውርጄ፣ ማን ይያዛት ብዬ ዞር ዞር ስል፣ ከኃይለመስቀል ሌላ ሰው የለም።

«ጋሼ ኃይሌ፣ እባክህ ያዝልኝ።»

«እኔ? ጎማውን ማን ሊያዞር ነው ታዲያ?»

«በአንድ እጅህ አዙረው።»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ልጄን በግራ ክንዱ አቅፎ፣ በቀኝ እጁ ጎማ ሊያዞር ተንበረከከ። ስመኝ ጢሙን ይዛ ጎተተችው።

«ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን አታስነሣ። ባዶ ማርሽ ላይ አድርገው» አሉ ጋሽ እምሩ ከሥር።

እኔም ተንፏቅቄ አጠገባቸው ገባሁ። ካምቢዮው ላይ፣ ከጣት ወፈር ያለች፣ ሦስት ሽቦ የሚገባባት ነገር ተሰክታለች። ሴንሰሩ ማለት እሷ ናት። ጋሽ እምሩ ከኪሳቸው የቆየ የሬዲዮ ማዳመጫ አወጡ፤ ለአንድ ጆሮ ብቻ የሚሆን፣ ሽቦው ላይ እንክብል የምታህል ነገር የተበየደችበት። እንክብሏ ለምን እንደሆነች በኋላ ጠይቄያቸው ነበር፤ ጉልበተኛውን ኤሌክትሪክ አግዳ ምቱን ብቻ የምታሳልፍ በር ጠባቂ ናት አሉኝ። ጫፉ ላይ ወስፌ አለ። ሌላው ሰው የሚለካው ቁጥር በሚያሳይ መሣሪያ ነው፤ እሳቸው ቁጥሩን ማየት ሲያቅታቸው በጆሮ ይለኩ ጀመር። ወይም ድሮውንም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

የወስፌውን ጫፍ በመሰኪያው ጀርባ፣ በአንደኛው ሽቦ በኩል አስገቡ። «አዙር!»

ኃይለመስቀል ጎማውን ገፋ። ጋሽ እምሩ ፈገግ አሉ። ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውጥተው ሰጡኝ።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

«እንዴ!» አልሁ፤ ጭንቅላቴ ከላይ ካለው ብረት ጋር ተላተመ። «ይናገራል! ፈጠን አድርገው ጋሼ ኃይሌ!» ጎማው ሲፈጥን ጠቅታውም ፈጠነ፤ ጎማው ሲያዘግም አዘገመ። ሰው በሩን እያንኳኳ የሚሮጥ ይመስላል። መኪናው በየደቂቃው እንዲህ እያለ ሲሄድ እንደኖረ፣ እኔም ስንት ጊዜ ተሳፍሬበት አንድም ቀን እንዳልሰማሁት አሰብሁ።

«አሁን የድሮውን ስጠን» አሉ ጋሽ እምሩ። አዲሱን ነቅለው የድሮውን ሰኩት። ጎማው ዞረ። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ። ያው ነው፤ እንዲያውም ድምፁ ጠንከር ይላል።

«ኃይለመስቀል፣ ሠራተኛህ ጤነኛ ነበር» አሉ።

«እኔን ይብላኝ!» አለ ኃይለመስቀል። «እነዚያ ሰዎች እኮ ሳያዩ ነው የቀየሩት። እርስዎስ... እሺ ይሁን። ታዲያ ዳሽቦርዱ ነዋ!»

«ቀስ።»

ጋሽ እምሩ ከመኪናው ሥር ወጥተው ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመለኪያውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትተው፣ ከጀርባው የሚገባውን የሽቦ እሽግ ሳብ አደረጉት። እኔ በቀኝ በር፣ ኃይለመስቀል ልጄን እንደያዘ በግራ በር ቆመናል። እሽጉ ውስጥ ሃያ የሚጠጋ ሽቦ አለ። ከሴንሰሩ የሚመጣው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም የሚለየው በቀለሙ ነው።

እጃቸው እሽጉ ላይ ቆመ።

ያን ጊዜ የሆነውን አልረሳውም። አውራ ጣታቸው ከሽቦ ሽቦ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ፤ ጨፈን፣ ገለጥ አደረጉ። እኔ ሽቦውን አይቼዋለሁ፤ ወይን ጠጅ ነው፣ በላዩ ቀጭን ነጭ መሥመር አለው። አጠገቡ ያለው ሰማያዊ ነው፤ ለደከመ ዓይን መንትያ ናቸው። ሳል ብዬ በጣቴ ላመላክታቸው አሰብሁ፤ ግን በየት በኩል? ኃይለመስቀል ዓይኑን ከእጃቸው ላይ አልነቀለም።

ገምተው አንዱን ቢነኩ፣ ምናልባት ትክክል ይሆኑ ነበር። ከሁለት አንድ ነው።

እጃቸውን ከእሽጉ ላይ አነሡ። ድምፃቸውን ሳይቀንሱ «ጥሩሸዋ፣ ነይ ቀለም አንብቢልኝ» አሉ። «ወይን ጠጁን ከሰማያዊው ዓይኔ አይለይልኝም። ከዓመት በላይ ሆኖኛል።»

ከመናኸሪያው የአንድ ረዳት «ሞላሌ! ሞላሌ! አንድ ሰው!» የሚል ጩኸት ብቻ ይሰማል።

«የጡሩምባውም ነገር እውነት ነው» አሉ፤ ወደ ኃይለመስቀል ዞረው። «ያን ቀን ገምቼ ነው የቀጠልሁት። ሰው ሊሞትበት ይችል ነበር፤ አህያ በመበተኑ አለፈ። አሁን ያንተን አልገምትም። ከፈለግህ መኪናህን ይዘህ ሂድ፤ አልቀየምም።»

ኃይለመስቀል ልጄን ከክንድ ወደ ክንድ አዛወራት። «እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «አውቄ ነበር። ሁላችንም አውቀናል። እርስዎ ይነግሩን እንደሆነ ነበር የምናየው።» ከዚያ ቆጣ እንዳለ ሰው «በይ እንጂ ንገሪያቸው! ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲል ወደ እኔ ጮኸ።

ሽቦውን ይዤ ጣታቸው ላይ አስቀመጥሁላቸው። ወስፌውን አስገቡ። «ልጅቷን ለእናቷ ሰጥተህ ጎማውን በደንብ አዙርልኝ።»

ኃይለመስቀል በሁለት እጁ አዞረ። ጋሽ እምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ቀጥሎ ለእኔ ሰጡኝ። ጭጭ ነው። ከሥር የሰማሁት በር አንኳኪ እዚህ አልደረሰም።

«ተናጋሪው ይናገራል። ቆጣሪው ምን ይቁጠር፣ የሚደርሰው ነገር የለ» አሉ። «መንገድ ላይ ቀርቷል።»

«የት ጋ?» አልሁ። እውነቴን ነው፣ ልጄን አዝዬም ቢሆን ወለሉን ራሴ ልቀደው ምንም አልቀረኝም።

«እንሂድበታ። በእግር ሳይሆን በእጅ።»

ጎንበስ ብለው የሽቦውን እሽግ ከዳሽቦርዱ ጀምረው ይዳስሱት ጀመር። ጣታቸው እንደ ጉንዳን መንገድ አይስትም። በፔዳሎቹ ጎን ወረደ፤ ምንጣፉ ሥር ገባ፤ ወደ ማርሹ ዘንግ ታጠፈ። እዚያ፣ ዘንጉ ከወለሉ የሚወጣበት የጎማ ሽፋን ተቀዶ ኖሮ፣ በቀዳዳው የተጠቀጠቀ ነገር አለ። ጣታቸው ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ኃይለመስቀል አንገቱን አስገባ። «እሱማ ሱፍ ነው። እኔ ነኝ የጠቀጠቅሁት።»

«ምን ሊሆንህ?»

«ብርዱ ነዋ ጋሽ እምሩ! በዚህ ቀዳዳ የሚገባው ነፋስ ቁርጭምጭሚቴን ሊቆርጠው። ማለዳ ስንወጣ እግሬ ፍሪሲዮን መርገጥ አቃተው። የጥቁር በግ ጠጉር ነው፣ ምርጥ። እንዴት ያሞቃል መሰለዎት! ማኅበር ላይ ተናግሬ ሁሉም ጠቅጥቀዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም ባይሆኑ... ዘጠኝ መኪና ይሆናል።»

ጋሽ እምሩ ሱፉን ሳብ አደረጉት። በአንድ ጊዜ አልወጣም፤ ከወለሉ ሥር የገባው ክፍል ተጠቅልሎ ኳስ ሠርቷል። ኳሱን እጄ ላይ አስቀመጡት። እርጥብ ነው፤ ይሸታል። ገለጥ ሳደርገው መሐሉ እንደ ጎጆ ተጎድጉዷል። ውስጡ የገብስ ገለባ አለ፤ ተበልቶ ያለቀ የቆሎ ልጣጭ፣ አንድ ሙሉ ባቄላ፣ የተጓዥ ትኬት ቁራጭ። ዙሪያውን ደግሞ እንደ ጥቁር አዝሙድ ያለ ነገር ተበትኗል።

«አይጥ!» ብዬ ወረወርሁት።

«እመብርሃን!» አለ ኃይለመስቀል፣ ወደ ኋላ እየዘለለ።

ጋሽ እምሩ ከት ብለው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። «አንተ ሰው፣ ከተሳፋሪ ቆሎ ይወድቃል፣ ከጆንያ ገብስ ይፈስሳል፤ አንተ ደግሞ አልጋ አነጠፍህላት። ሙቀት ከካምቢዮው፣ ምግብ ከወለሉ፣ ልብስ ከጥቁር በግ። መሐል ሜዳ ውስጥ እንደሷ የሚኖር ማን አለ?»

«በነፃ ደብረ ብርሃን ስትመላለስ ኖራለች በሉኛ! እኔ አንድ ሰው ትርፍ ሳልጭን!»

«ትርፍ ሳትጭን?» አልሁት።

«አንቺ ዝም በይ!»

ከሱፉ ሥር ሽቦዎቹ ታዩ። ሁለቱ ልባሳቸው ተግጦ ነሐሱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ወይን ጠጁ ደግሞ ጭራሽ ተበጥሷል። አይጧ ስትግጥ፣ ሱፉ ደግሞ የመንገዱን ውኃ ይዞ ሲያረጥብ፣ መጀመሪያ መርፌው የተንቀጠቀጠው ሽቦው ገና በአንዲት ክር ተንጠልጥሎ ሳለ ይሆናል። ይህን እኔ ነኝ ያልሁት፤ ጋሽ እምሩ ወደ እኔ ዞረው «እህ» አሉ። ከሳቸው «እህ» ቀላል ነገር አይደለም።

የቀረው ሥራ ረጋ ያለ ነበር። የበሰበሰውን ቆርጠው ጣሉ። እኔ ቀለሙን እያነበብሁ ሦስቱንም በአዲስ ሽቦ ቀጠሉ። በየቁራጩ «ከወይን ጠጅ ወደ ወይን ጠጅ?» ይሉኛል፤ «አዎ» እላለሁ፤ ደግመው ይጠይቁኛል። በመበየጃው የሚሠሩት በጆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ሲቀልጥ የምታሰማው ጭስስ የምትል ድምፅ አለች፣ በእሷ ያውቃሉ። ቀዳዳውን ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ቁራጭ ዘጉት። ኃይለመስቀል ዳር ሆኖ ስልክ ይደውል ነበር። «አንተ፣ ያንን ሱፍ ነቅለህ እየው... አዎ አሁኑኑ... ሳቅ፣ ሳቅ፤ ያንተንም እናያለን!»

መኪናዋን ይዘን በሞላሌ መንገድ ወጣን። እኔ ከሹፌሩ ጎን፣ ጋሽ እምሩ ከኋላ። መርፌው ተንቀሳቀሰ። አሥር፣ ሃያ፤ ሳይንቀጠቀጥ፣ እንደ ነቃ ሰው ቀና አለ። ሳላስበው አጨበጨብሁ፤ ለመርፌ!

«አሁን ሠላሳ አምስት ነን» አሉ ጋሽ እምሩ ከኋላ፣ የጎማውን ድምፅ እያዳመጡ።

አየሁት። «ሠላሳ ስድስት።»

«የአንድዋ ልዩነት ከጎማው ነፋስ ማነስ ነው» አሉ። ኃይለመስቀል ራሱን ነቀነቀ።

ሐሙስ ከሰዓት በስብሰባው ላይ አልነበርሁም። ጋሽ እምሩም አልገቡም፤ ሸራቸው ሥር ተቀምጠው የማይሠራ አንድ ዳይናሞ ሲያገላብጡ ዋሉ። አሥር ሰዓት ገደማ ኃይለመስቀል መጣ። ፊቱ ቀልቷል።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲስቁብኝ ቆዩ» አለ። «የአምስት መኪና ሱፍ ተነቅሎ በሦስቱ አይጥ ተገኘ። ያንዱ መብራት ለምን እንደሚጠፋ ስድስት ወር ሲፈልግ የኖረው በኔ ምክር ኖሯል። ሊቀ መንበርነቴን ለአይጧ እንስጥ ያሉ ነበሩ።»

«ጥጉስ?» አልሁ። ጋሽ እምሩ አልጠየቁም፤ ዳይናሞውን ማገላበጥ ግን አቁመዋል።

«ጥጉ ያው የሳቸው ነው። ዓይናቸው አያይም፣ እውነት ነው ብዬ ነገርኋቸው። መኪናዬ ግን በሁለት ዓይናማ ሰዎች እጅ አልፋ አልዳነችም አልሁ። እሳቸውም ማየት ሲያቅታቸው አያቅተኝም አላሉም፤ ነገሩኝ። ይህን የሚል ሰው የነካውን መኪና ልጆቼን አሳፍርበታለሁ አልሁ። ግን ውሳኔ አለ። ቀለም የሚያነብ ሰው አጠገባቸው ሳይኖር አንድ ሽቦ አይቀጥሉም። ሰውዋም ተመርጣለች።» አገጩን ወደ እኔ አነሣ።

ደስ አለኝ። ግን እናት ስሆን የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ደስ ያለሽ ዕለት ነው መደራደር ያለብሽ።

«ቀለም ማንበብ ብቻ ከሆነ ስመኝም ሦስት ዓመት ሲሞላት ትችላለች» አልሁ። «እኔ ሙያውን ከተማርሁ ነው። ሙሉውን። ማዳመጫውንም ጭምር።»

ኃይለመስቀል ጋሽ እምሩን አየ። ጋሽ እምሩ ዳይናሞውን አንሥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «ለምን አይሠራም?» አሉኝ። «አትንኪው። መጀመሪያ ጠይቂ።»

ዓርብ ማለዳ ኃይለመስቀል ለምርመራ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወርድ ጋሽ እምሩ አብረው ሄዱ። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ሐኪም ጋ ሳይሄዱ የቆዩት ለጥጉ ሲሉ ብቻ ነበር። እኔ ሱቁን ከፍቼ፣ የመጡ ሹፌሮችን «መቼ ተወህ?» እያልሁ ስጠይቅ ዋልሁ። ሦስቱ መለሱልኝ፤ አንዱ «አንቺ ማነሽና?» ብሎ ሄደ፤ ኋላ ተመልሶ መጣ።

ወደ ማታ ሲመለሱ መጀመሪያ የገባው ኃይለመስቀል ነው። መኪናው አልፋለች። «እሱን ተይው» አለኝ፤ «የሐኪም ቤቱን ስሚ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፣ ይነሣል አላቸው። ለታኅሣሥ ቀጠሮ ተሰጣቸው። አንቺ፣ እሳቸው ግን ተነሥተው ይወጣሉ? ያንን ዓይን የሚያዩበትን መሣሪያ ይዘው፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል፣ በስንት መስታወት ያልፋል፣ ለምን ሰማያዊ ሆነ? ኋላ የተሰለፈው ሰው ጮኸ! ሐኪሙም ደግ ሰው ነው፣ ክዳኑን ከፍቶ አሳያቸው።»

ጋሽ እምሩ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «አምፖሉ ትንሽ ናት፤ ይቺን ታህላለች» አሉኝ፤ የትንሽ ጣታቸውን ጫፍ እያሳዩ። «ሲበራ ደግሞ መሣሪያው ደከም ያለ ድምፅ ያሰማል። ነገርሁት። በሚቀጥለው ስሄድ እንድናየው ተስማምተናል።»